ለማይሸነፍ ሰው ሐይቅ አይሰጥም

ከዘመዶቹ መካከል መሸነፍ የማይዋጥለት አንድ ሰው የሌለው ካለ እጁን ያውጣ። ማንም አያወጣም። አንዱ ቤት አጎት ነው፣ አንዱ ቤት የሚስት ወንድም፣ ሌላው ቤት ደግሞ ጥርሷ ያለቀ አክስት ናት፤ መልኩ ይለያይ እንጂ ጠባዩ አንድ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መንገድ ላይ ከጎኑ ብትሄዱ እርምጃውን ያፈጥናል። ጉንፋን ያዘኝ ብትሉት እሱን የያዘው የባሰ ነው። ስልክ ላይ ስትሰነባበቱ የመጨረሻዋን «ቻው» እሱ ካላላት ስልኩ አይዘጋም።

ለጂኦግራፊ መምህርቷ የደረሳት ታላቅ ወንድሟ ነው። ነገሩ እቤት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እሱ ግን እሷ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆኖ ተቀጥሮ፣ እቤት ያመለጠችውን ሥራ ቦታ ይጠብቃታል። ተማሪዎቹ «አይበገሬ» ብለው ስም አወጡለት። ይቆጣል ተብሎ ሲፈራ እሱ ደረቱን ነፋ። የኬሚስትሪ መምህሩ «ብረቱ» እንደሚባሉ የሰማ ዕለት ግን ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ «ለመሆኑ ከብረቱና ከአይበገሬ የትኛው ይከብዳል?» ሲል ጠየቃቸው።

ክቡር አይበገሬ ያልተወዳደሩበት ነገር የለም። ሐኪም ቤት የደም ግፊቱን ለክተው ቢነግሩት፣ «ከእኔ በፊት የገባው ሰውዬስ ስንት ሆነ?» ብሎ ነርሷን አስጨንቋታል። ሱቅ ሰልፍ ሲይዝ ከጎረቤቱ ሰልፍ አንድ ሰው ይመርጣል፤ ያ ምስኪን ሰው ምንም ሳያውቅ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእህቱ ልጅ ገና አራት ዓመቷ ሳለ «ድብብቆሽ እንጫወት» ብትለው ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ፣ ልብስ ላይ ልብስ ደራርቦ ተደበቀ። ልጅቷ ፈልጋ ፈልጋ ሲሰለቻት እራቷን በልታ ተኛች። አይበገሬ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ብቅ ሲል ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ፣ «አላገኘችኝም! ይመዝገብልኝ!» አለ።

«ይመዝገብልኝ» የአፉ ማሟሻ ናት። ማን እንደሚመዘግብለት የሚያውቅ የለም።

እህቱ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ናት፤ ወይም እሷ እንደዚያ ታስባለች። የእሷ ጭንቀት ማሸነፍ ሳይሆን ማስረዳት ነበር። በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ዘላቂነት» ብላ በትልቁ ትጽፍና ውሃው፣ ደኑ፣ አፈሩ ለሚመጣው ትውልድ እንዴት መትረፍ እንዳለበት ላብ እስኪያጠምቃት ታስተምራለች። ተማሪዎቹም በትሕትና ያዛጋሉ። በመጨረሻው ፈተና «ዘላቂነት ምን ማለት ነው? በምሳሌ አስረዱ» ብላ ጠይቃ አንዱ የጻፈላት መልስ ይህ ነው፦ «ዘላቂነት ማለት የማያልቅ ነገር ማለት ነው። ምሳሌ፦ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ።»

ማርክ ሰጠችው። ምን ታድርግ? ልጁ ምሳሌውን አልሳተም።

ከዚያ ወዲህ ነው በሩቅ አገር ካለች አንዲት የጂኦግራፊ መምህርት ጋር በኢንተርኔት የተገናኙት። የዚያችኛዋም ተማሪዎች ያዛጉ ነበር። ሁለት የተዛጋባቸው መምህራን ሲገናኙ የማይፈጥሩት ነገር የለምና፣ ክረምቱን ሙሉ ሲጻጻፉ ከርመው ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በስክሪን እየተያዩ አብረው የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ሠሩ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ስልሳ ዓሣ ያለበት አንድ ሐይቅ አለ። በአንዱ ዳር የእኛ መንደር፣ በሌላው ዳር የእነሱ መንደር፤ በየመንደሩ አሥር ቤት። አንድ ቤት በአንድ ወቅት አንድ ዓሣ ይበላል። ወቅት በመጣ ቁጥር ሁለቱ መንደሮች ሳይነጋገሩ የሚያወጡትን የዓሣ ቁጥር ካርድ ላይ ጽፈው እኩል ለካሜራው ያሳያሉ። ሐይቁ ውስጥ የቀረው ዓሣ ይራባና በግማሽ ይጨምራል፤ ከስልሳ ግን አያልፍም፣ ሐይቁ ከዚያ በላይ አይችልም። ቤቶቹ ከሚበሉት በላይ የወጣ ዓሣ ይበሰብሳል። ዓሣ ያልደረሰው ቤት ይዘጋል፤ የተሰደደ ቤተሰብ መመለስ ከፈለገም በአንድ ወቅት ከየመንደሩ አንድ ብቻ ነው። ሁሉም አሥር ወቅት ይዘልቃል፤ ሐይቁ ከደረቀ ግን በዚያው አበቃ። በመካከል፣ ከአምስተኛው ወቅት በኋላ፣ ሁለቱ መንደሮች አንድ ጊዜ ብቻ መነጋገር ይችላሉ።

ልጆቹ ከየመንገዱ ቆርኪ ለቅመው ዓሣ አደረጉት፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሐይቅ ሆነ፤ የወተት ካርቶን ቀለም ተቀብቶ፣ በርና መስኮት ወጥቶለት ቤት ሆነ። እያንዳንዱ ቤት ባለቤት ተማሪ አለው። የቀረው አንድ ነገር ነበር፦ በጨዋታው ሕግ እያንዳንዱ መንደር አንድ አማካሪ ሽማግሌ ያስፈልገዋል።

እህቱ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብታ ለመነች። የሒሳብ መምህሩ ከሻዩ ቀና ሳይል «እኔ ዓሣ አልወድም» አላት። ሌሎቹ በአንድ ጊዜ የሚታረም ደብተር ትዝ አላቸው። እሷም ተስፋ ቆርጣ፣ «እንግዲህ ጨዋታውን ብቻዬን እመራዋለሁ» ብላ ሳትጨርስ ከጥግ በኩል አንድ ወንበር ተንቋቋ።

«ጨዋታ አልሽ፣ እታለም?»

«አላልኩም» አለች እህቱ።

«ብለሻል። ሁሉም ሰምቷል።» አይበገሬ ፊሽካውን ከአንገቱ አስተካክሎ መጣ። «ከማን ጋር ነው?»

«ከማንም ጋር አይደለም፣ ወንድም ጋሼ። አብረን ነው የምንጫወተው።»

«አሸናፊው በምን ይታወቃል?»

«አሸናፊ የለውም። ሐይቁም መንደሮቹም ቆመው ከተገኙ ሁሉም ደስ ይለዋል።»

አይበገሬ ለረጅም ጊዜ በሐዘኔታ ተመለከታት። «አሸናፊ የሌለው ነገርማ ጨዋታ አይባልም፣ እታለም። ስብሰባ ነው» አለ። ሆኖም ሌላ ሽማግሌ አልተገኘም።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ቀን፣ «ግጥሚያ» ያለው እሱ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ስክሪኑ ሲበራ ልጆቹ በደስታ ጮኹ። በዚያ በኩልም እንደነሱው የተገፋፋ፣ እንደነሱው እጁን የሚያውለበልብ የልጅ መዓት። አንዷ ሚጢጢ ልጅ ካርቶን ቤቷን ወደ ካሜራው አስጠግታ መጋረጃ ሁሉ እንደሰቀለችለት አሳየች። ከልጆቹ ኋላ ፀጉራቸውን ወደ ላይ የጠቀለሉ፣ አቋማቸው ቀጥ ያለ ሴትዮ ተቀምጠዋል፤ የሙዚቃ መምህርት ናቸው፣ የዚያኛው መንደር ሽማግሌ። አይበገሬ አያቸው። እሳቸውም አዩት። እህቱ በኋላ ስታስበው፣ ሁለት አውራ ዶሮዎች በአጥር ቀዳዳ ሲተያዩ ልክ እንደዚያ ነው።

ካርድ ተጻፈ፤ ተነሣ። እነሱ አሥር አወጡ። እኛ ሠላሳ።

«ሠላሳ?!» አለች እህቱ። «አሥር ቤት እኮ ነው ያለን! ሃያው ሊበሰብስ ነው!»

«መጀመሪያ እንምራ። ሽታውን ኋላ እንነጋገርበታለን።»

በሁለተኛው ወቅት በወዲያ በኩል ድንጋጤ ገባ፤ ልጆቹ ሐይቁን ለማትረፍ ከራሳቸው ቀንሰው ስምንት ብቻ ጻፉ። ከእኛ በኩል ሃያ ሁለት ወጣ። በስክሪኑ ላይ ሐይቁን የሚያሳየው ሰማያዊ ክብ ግራጫ ሆነ። ዓሣ አለቀ፣ ሐይቅ ደረቀ፣ ጨዋታው ሳይሞቅ ተዘጋ።

«ሃምሳ ሁለት ለአሥራ ስምንት!» አይበገሬ ፊሽካውን ነፋ። «ሃምሳ ሁለት ለአሥራ ስምንት! ይመዝገብልኝ!» ልጆቻችንም ነገሩ ሳይገባቸው በጭብጨባ አዳራሹን አናወጡት።

ጭብጨባው ግን ቶሎ ረገበ፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል ያጨበጨበ የለም። መጋረጃ የሰቀለችው ሚጢጢ ልጅ ቤቷን ታቅፋ ወደ ካሜራው መጣች፤ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በሚማሩት የውጭ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች። ከእኛ በኩል ለማስተርጎም የተመረጠችው ልጅ ምላሷ ቀልጣፋ ነበረ፤ ያን ጊዜ ግን ተንተባተበች።

«‹አስቀየምናችሁ እንዴ?› ነው የምትለው።»

አይበገሬ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። «በያት… ጨዋታ ነው በያት።»

የሙዚቃ መምህርቷ ክንዳቸውን አጣምረው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጣል አደረጉ። አስተርጓሚዋ ወደ መሬት እያየች፣ «‹ልጅ ማሸነፍ ደስ ይላል?› እያሉ ነው፣ ጋሼ» አለች።

ስክሪኑ ጠፋ። አይበገሬ ጆሮው ቀልቶ፣ «ጨዋታ ነው እኮ!» እያለ ወጣ። ማንም አልተከራከረውም፤ እሱ ግን እስከ በሩ ድረስ ተከራከረ።

በማግሥቱ ርዕሰ መምህሩ እህቱን ጠሯት። ከዚያኛው ትምህርት ቤት መልእክት መጥቷል። ልጆቹ አዝነዋል፤ መምህርታቸው እንደ ምንም አግባብታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ሊሞክሩ ፈቅደዋል። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እኔ ዓሣም ጨዋታም አልጠላም፣ ልጄ። ግን አዳራሹን ለፈተና ክለሳ የሚሉ መምህራን በሬ ላይ ተሰልፈዋል። ይህኛው ካልሆነ እዚህ ላይ ይበቃናል።»

እህቱ አንገቷን ደፍታ ከቢሮው ወጣች። የክረምቱ ድካም ሁሉ በሁለት ወቅት ዓሣ ሆኖ መበስበሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቤቷ ተቀምጣ ሌላ ሽማግሌ ከየት እንደምታመጣ ስታሰላስል በሩ ተንኳኳ። ወንድሟ ነው፤ ከበሩ ላይ ሳፋ ታቅፎ፣ ሳፋው ውስጥ ቆርኪ፣ ዓይኑ ቀልቶ።

«ተሸነፍኩ» አላት።

ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ሰው የሞተ መሰላት። «ማን አሸነፈህ?»

«እኔ።»

ገብቶ ሳፋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ብቻዬን ስጫወት ነው የሰነበትኩት። እዚህኛው ወንበር ላይ ስቀመጥ እኔ ነኝ፤ ዞሬ እዚያኛው ላይ ስቀመጥ የሙዚቃዋ ሴትዮ ነኝ። እኔ እበልጣለሁ፣ እሳቸው ይበልጣሉ፣ እኔ እበልጣለሁ፣ ሐይቁ ድርቅ! እንደገና፤ ድርቅ! ከዚያ ደከመኝና ዝም ብዬ ትንሽ ትንሽ ባወጣ፣ እታለም፣ ቆርኪው አላልቅ አለ! ባወጣ አላልቅ አለ! ለካ ሐይቅ እንደ ሯጭ ነው፤ ካላረፈ አይሮጥም!»

እህቱ አፏን ከፍታ ቀረች። ስንት ሰሌዳ ሙሉ የጻፈችው ነገር ከወንድሟ አፍ በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

አይበገሬ አንዷን ቆርኪ በጣቱ እያሽከረከረ፣ «ያቺ ልጅ… ‹አስቀየምናችሁ እንዴ› ያለችው… ለምን እንደዚያ አለች?» ሲል ጠየቀ።

«የምር መስሏት ነዋ፣ ወንድም ጋሼ። ሰው ካልተቀየመ እንደዚያ አያደርግም ብላ ነዋ።»

«እንዳልተቀየምኳት ሳትሰማ መቅረቷ ከብዶኛል። እኔ ልጅ አላስለቅስም። አሯሩጣለሁ እንጂ አላስለቅስም።»

እህቱ ሌላ ሽማግሌ መፈለጓን በዚያው ተወች። ያኔ «ትንሽ ትንሽ ስትል ምን ያህል ትንሽ?» ብላ ብትጠይቀው ኖሮ ብዙ ነገር በተረፈ ነበር። ደስታ ያዘናጋል፤ አልጠየቀችውም።

ከሰኞ ጀምሮ የስፖርት ክፍለ ጊዜ መልኩ ተለወጠ። ልጆቹ ግቢውን ሲዞሩ አይበገሬ ከፊት ሆኖ «ዓሣውን!» ይላል፤ ከኋላ በአንድ ድምፅ «ተወው!» ይሉታል። «ሐይቁን!» «አሳርፈው!» ኳስ የሚጫወቱት ሳይቀሩ እየተዉ ተቀላቀሉ። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህሩ ስለ ንጽሕና ሲናገሩ «ቆሻሻውን…» ብለው ትንፋሽ ሲወስዱ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ተወው!» አላቸው። የማያዛጋ ልጅ፣ ዘላቂነትን በእግሩ የሚሮጥ ልጅ! እህቱ በመስኮት እያየች እጇን በእጇ ታሻለች።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ልጆች መስኮት ላይ ተንጠለጠሉ። ስክሪኑ በራ፤ በዚያም በኩል ሙሉ ነው። ሚጢጢዋ ልጅ ከፊት ተቀምጣለች፤ የሙዚቃ መምህርቷ ከኋላ፣ አገጫቸው ወደ ላይ። አይበገሬ ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ ሕጉ ግን እስከ አምስተኛው ወቅት መነጋገር አይፈቅድም።

የመጀመሪያው ካርድ ተነሣ። እነሱ አሥር። እኛ ስምንት።

«በሁለት በለጥናቸው!» ብሎ አይበገሬ ዘለለ።

እህቱ ያን ጊዜ ገባት። ወንድሟ ማሸነፉን አልተወም፤ የሚያሸንፍበትን አቅጣጫ ብቻ ነው ያዞረው! ባለፈው በማውጣት፣ አሁን በመተው። «ወንድም ጋሼ፣ ሁለት ቤት ተዘጋብን እኮ» አለች። የሁለቱ ቤት ልጆች ካርቶናቸውን አንሥተው ወደ አዳራሹ ኋላ ተሰደዱ።

«መሥዋዕትነት ነው» አለ።

በሁለተኛው ወቅት እኛ ስድስት ጻፍን። የሙዚቃ መምህርቷ ግን ሰው ሲበልጣቸው ዝም ብለው የሚያዩ ሴት አልነበሩም። ካርዳቸው ሲነሣ፣ አምስት! አዳራሹ «ውይይይ!» አለ። በዚያ ማዶ ያሉት ልጆች ቆመው አጨበጨቡ፤ አምስት ቤት በአንድ ጊዜ የተዘጋባቸው አይመስሉም። ሴትየዋ ለአይበገሬ በትንሹ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

«እንዲህ ነው?» አለ አይበገሬ እጅጌውን እየሰበሰበ።

ሦስተኛው ወቅት፣ እኩል፣ አራት ለአራት። አራተኛው፣ ሦስት ለሦስት። ሰማያዊው ክብ በዓሣ ጢም ብሎ ሞልቶ ያበራል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው መንደር ግን ባዶ መስክ ሆኗል። የአዳራሹ ኋላ በስደተኛ ተጨናነቀ፤ ካርቶን ያቀፈ ልጅ በካርቶን ያቀፈ ልጅ ላይ። ርዕሰ መምህሩ ሳይቀሩ ወንበራቸውን ትተው፣ «ሐይቁ ሞልቶ ሰው አለቀ እኮ፣ ጎበዝ!» እያሉ ይንቆራጠጣሉ።

አምስተኛው ካርድ ተነሣ። እነሱ ሦስት። እኛ ሁለት።

«በለጥናቸ…» ብሎ አይበገሬ ዞር ሲል ከቀሩት ሦስት ቤቶች የአንዱ ባለቤት፣ የክፍሉ ትንሿ ልጅ፣ ካርቶኗን አንሥታ ፊቱ ቆማለች።

«ጋሼ፣» አለችው በቁም ነገር፣ «ሐይቁ ጠግቧል። እኔ ግን ራበኝ።»

አይበገሬ ጠረጴዛውን አየ። ሁለት ካርቶን ቀርቷል። የአዳራሹን ኋላ አየ። ከዚያ እጁ ፊሽካው ላይ እንዳለ ቀረ።

የመነጋገሪያው ሰዓት ሆነ። በሁለቱም በኩል ሰው ሁሉ ሽማግሌዎቹን ያያል፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። «እንጨምር» ብሎ መጀመሪያ የተናገረ ሰው ተሸነፈ ማለት ነው። የሙዚቃ መምህርቷ ከንፈራቸውን ነክሰዋል። እህቱ ወንድሟን ታውቀዋለች፤ ይህ ሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ታፍኖ ሊሞት የደረሰ ሰው ነው። መንደሩም፣ ጨዋታውም፣ አዳራሹም አለቀ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ንገሪያቸው» የሚል ድምፅ ሰማች። አይበገሬ ነው፤ ለአስተርጓሚዋ ልጅ ነው የሚናገረው፤ ድምፁ ግን የእሱ አይመስልም። «እኛ ርቦናል በያቸው።»

ልጅቷ ጠርጥራ አየችው። «ልበለው፣ ጋሼ?»

«በዪው። ደግሞ… ለዚያች ለትንሿ፣ መጋረጃ ላላት፣ ባለፈው አልተቀየምንሽም በያት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት በያት። ብቻችንን ስለማንችል ርዱን፣ ስንት ስንት እናውጣ፣ አብረን እንቁጠር በያት።»

አስተርጓሚዋ ተናገረች። ከዚያ በዚያ ማዶ ሚጢጢዋ ልጅ ከወንበሯ ዘላ አንዲት ቃል ጮኸች፤ ከኋላዋ ያሉትም ተቀብለው አንድ ላይ ጮኹ፤ ይህን ለመተርጎም ማንም አላስፈለገም። «እኛም! እኛም ርቦናል!» ነው። የሙዚቃ መምህርቷ መጀመሪያ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ የጠቀለሉት ፀጉር እስኪፈታ ድረስ ሳቁ። አይበገሬም ሳቀ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ልጆቹ በስክሪን ተጋጥመው፣ ጣት እየቆጠሩ፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ፣ እየተጯጯሁ ተማከሩ። ቤት ሁሉ ከተመለሰ አሥር አሥር ቢያወጡም ሐይቁ ሁልጊዜ ስልሳ እንደሚሞላ ያገኘችው ሚጢጢዋ ናት፤ ያረጋገጠው ከእኛ በኩል፣ ያ «የማያልቅ ክፍለ ጊዜ» ብሎ የጻፈው ልጅ ነው። ወቅት በመጣ ቁጥር አንድ ስደተኛ ካርቶኑን ከፍ አድርጎ ከአዳራሹ ኋላ ይሮጣል፤ ሕዝቡ መንገድ ይከፍትለታል፤ ቤቱ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ሲል ጩኸቱ ጣሪያውን ያነሣዋል። በዚያ ማዶም እንደዚሁ። የሙዚቃ መምህርቷ ለሚመለስ ለእያንዳንዱ ቤት ፒያኖ ይመታሉ፤ አይበገሬ ፊሽካ ይነፋል፤ ሁለቱ አንድም ጊዜ አልገጠመላቸውም፤ ማንም ግድ አላለው። ርዕሰ መምህሩ ክራባታቸውን ፈትተው ያውለበልባሉ።

አሥረኛው ወቅት ሲያበቃ ሐይቁ ሰማያዊ ነበር። መንደሮቹም ቆመዋል። ርዕሰ መምህሩ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ «አዳራሹን ማንም አይነካውም! ዓመቱን ሙሉ!» ሲሉ እህቱ ብቻ ነች የሰማችው፤ ሰምታም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ልጆቹ እንባዋን እንዳያዩ።

ከሰዓት በኋላ መምህራን ማረፊያ ክፍል ስትገባ የሒሳብ መምህሩ ሻዩን እያማሰለ ይጠብቃታል። ከበሩ ሥር ቆሞ አይቶ ነበርና በሙሉ ፊቱ ፈገግ አለ።

«ጉድ ነው! አይበገሬ ተበገረ!»

«እንዴት?» አለች እህቱ።

«እንዴት ትያለሽ? ከእናንተ መንደር ቆሞ የተገኘው ቤት ሰባት፣ ከእነሱ ስምንት። ስምንት ለሰባት። በሒሳብ ወንድምሽ ተሸንፏል።»

እህቱ ይህን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስትመኝ የኖረች ሴት ናት። ወንድሟን የሚያሸንፈው ሰው በመጣ፣ እኔም ቆሜ ባየሁ ያላለችበት ቀን የለም። አሁን በጆሮዋ ስትሰማው ግን አንድ የማታውቀው ነገር ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ እስከ ራሷ ፀጉር ወጣ። በመስኮቱ በኩል ወንድሟ ይታያታል፤ ግቢው ላይ ተንበርክኮ፣ በልጆች ተከቦ፣ የተሸነፈ ሰው ፈጽሞ ሳይመስል ቆርኪ ያስቆጥራል። እንደዚያ ሳስታ አይታው አታውቅም።

ወንበር ስባ ከሒሳብ መምህሩ ፊት ተቀመጠች።

«ማነው የተሸነፈው?» አለች። «መጀመሪያ የተናገረው ማነው? ‹ርቦናል› ለማለት የደፈረው ማነው? እሱ ባይናገር የእነሱስ ስምንት ቤት ከየት ይመጣ ነበር? ስለዚህ ከስምንቱ ቢያንስ አምስቱ የእሱ ናቸው። ሰባትና አምስት ስንት ነው? አንተ አይደለህ የሒሳብ መምህሩ? ስንት ነው?»

«እንዴ! አንቺ እኮ ነሽ ‹ይህ ጨዋታ አሸናፊ የለውም› ስትይ የከረምሽው!»

«የለውም!» አለች እህቱ ጠረጴዛውን በመዳፏ መትታ። «የለውም፤ ግን ያሸነፈው ወንድሜ ነው!»

የሒሳብ መምህሩ ወደ ሌሎቹ መምህራን ዞሮ፣ «ዘር ከልጓም ይስባል» አለና ብርጭቆውን ይዞ ሊነሣ ሲል የክፍለ ጊዜው ደወል ተደወለ።

«ቁጭ በል» አለችው እህቱ፣ የስኳሩን ዕቃ ሐይቅ አድርጋ መካከላቸው እያስቀመጠች። «ገና አልጨረስኩም።»